ማልቀሴ ካንሰሩን ያብስብኛል ወይ?

የአንባቢ ደብዳቤ

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ43 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ስሆን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ጡቴ ላይ እብጠት ዳብሼ አገኘሁና ተመረመርኩ። ካንሰር ነው ተባልኩ፣ ደረጃ ሦስት። አሁን ኬሞ ላይ ነኝ። ከዚያ ቀዶ ሕክምናና ጨረር ይጠብቀኛል።

የሚያስጨንቀኝ በሽታው ብቻ አይደለም። ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው ሁሉ ‹ጠንክሪ፣ ይሄን በሽታ የሚያባብሰው ጭንቀት ነው፣ አእምሮሽ ከዳነ ሰውነትሽም ይድናል› ይለኛል። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ካንሰርን በፈገግታ አሸነፍን የሚሉ ሰዎችን ቪዲዮ በየቀኑ በቴሌግራም ትልክልኛለች። ስለ ሞት ትንሽ ካነሳሁ ባለቤቴ ‹አታሟርቺ› ብሎኝ ክፍሉን ጥሎ ይወጣል። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ ‹ቂም የያዘን ሰው ነው የሚይዘው፣ ይቅር በያቸው› አለችኝ። ማንን ይቅር እንደምል እንኳ አላውቅም። ስለዚህ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቅሳለሁ። አልቅሼ ስጨርስ ደግሞ ‹አሁን በሽታውን አባባስኩት› ብዬ ሌላ ፍርሃት ይይዘኛል።

እውነት ማልቀሴ ካንሰሩን ያብስብኛል ወይ? ቤተሰቤንስ ሳላስቀይም እንዴት ላስረዳቸው? የ12 ዓመቷ ልጄም እስካሁን ምን እንደያዘኝ አታውቅም። ሁሉም እንዳትነግሪያት ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ»

መልስ

እህቴ፣ ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክልሽ። በቀጥታ ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ ልግባ።

አያብስብሽም። ማልቀስሽ ዕጢውን አያሳድገውም። መፍራትሽ፣ ሌሊት እንቅልፍ ማጣትሽ፣ «ብሞትስ?» ብለሽ ማሰብሽ የኬሞውን ሥራ አያበላሽም። ደክሞሽ ማንበቡን እዚህ ላይ ብታቆሚው እንኳ ይህቺን ብቻ ይዘሽ ሂጂ።

ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። ጉዳዩ ብዙ ተጠንቷል። «ታጋይ መንፈስ ያለው ሰው ከካንሰር ይተርፋል» የሚለው ሐሳብ ጉልበት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1979 ለንደን ውስጥ ከወጣ አንድ ጥናት ነው። ጥናቱ ያየው ከመቶ የማይሞሉ የጡት ካንሰር ታማሚዎችን ነበር። 20 ዓመት ቆይቶ፣ በ1999፣ እዚያው እንግሊዝ ውስጥ 578 የጡት ካንሰር ታማሚዎችን የተከታተለ ጥናት ወጣ። «እታገለዋለሁ፣ አሸንፈዋለሁ» ይሉ የነበሩት ሴቶች ከሌሎቹ የተሻለ ዕድሜ አላገኙም። በ2007 ደግሞ 1,093 የራስና የአንገት ካንሰር ታማሚዎች የታዩበት ጥናት ታተመ። ከእነዚህ 646ቱ በክትትሉ ጊዜ ሞተዋል። ተመራማሪዎቹ ሕክምና ሲጀምር መንፈሱ ጥሩ የነበረውን ታማሚ ከተከፋው ጋር አነጻጸሩ። በመኖርና በመሞት ረገድ ልዩነት አላገኙም።

አንድ ጥናት ልጨምርልሽ፤ ለአንቺ ከሁሉም የሚጠቅምሽ እሱ ይመስለኛል። በ2001 ካናዳ ውስጥ የወጣ ነው። የጡት ካንሰራቸው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሰራጨባቸው 235 ሴቶች ተሳተፉ። ከፊሎቹ በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ስለ ፍርሃታቸው፣ ስለ ቤተሰባቸው፣ ስለ ሞትም ጭምር በግልጽ እንዲያወሩ ተደረገ። ዕድሜያቸው አልረዘመም፣ አላጠረምም። ጭንቀታቸው ግን ቀለለ፣ የሚሰማቸው ሕመምም ቀነሰ። ልብ በይ፤ የቀለላቸው ፍርሃታቸውን ዋጥ አድርገው አይደለም። አውርተውት ነው።

አሁን አንድ የማልደብቅሽ ነገር አለ። ያው የ1999ኙ ጥናት ከባድ ድብርት ውስጥ የገቡና ተስፋቸው ጨርሶ የተሟጠጠ ሴቶች ውጤታቸው ደከም ያለ መሆኑንም አይቷል። ይህን ስታነቢ ደግሞ እንዳትደነግጪ። አልቅሶ ወጥቶ እራት ማቅረብ፣ ከልጅ ጋር መሳቅ፣ ነገ ተመልሶ ማልቀስ ድብርት አይደለም። ካንሰር እንደያዘው የተነገረው ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ ከተከፋሽ፣ የምትወጅው ነገር ሁሉ ካስጠላሽ፣ ከአልጋ መነሳት ካቃተሽ፣ ሕክምናውን ልተወው ካሰኘሽ ወይም ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ያ ራሱን የቻለ በሽታ ነው። መድኃኒትና የምክር ሕክምና አለው። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ለአንድ ሰው ንገሪና ሐኪም ቤት ሂጂ። ለሌላው ደግሞ ለካንሰር ሐኪምሽ «ከአእምሮ ሐኪም ጋር አገናኙኝ» በያቸው። ቤት ውስጥ «በርቺ» እየተባለ የሚድን ነገር አይደለም።

ወደ ጎረቤትሽ ልምጣ። እዚህ ላይ ለስላሳ ቃል መምረጥ አልፈልግም፤ የነገረችሽ ውሸት ነው። ክፋት አስባ ላይሆን ይችላል፣ ቃሉ ግን ክፉ ነው። የጡት ካንሰር ቂም አይቶ አይመጣም። ሴት መሆን በራሱ፣ የዕድሜ መግፋት፣ ሆርሞን፣ አንዳንዴ ከእናት ወይም ከአባት የሚወረስ የዘር ለውጥ፣ አልኮል፣ ካረጡ በኋላ የሚጨምር ውፍረት ድርሻ አላቸው። አብዛኞቹ ታማሚዎች ግን «ከዚህ የተነሳ ነው» የሚባል አንድ ምክንያት አይገኝላቸውም። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር ይኸው የጡት ካንሰር ነው። እነዚያ ሁሉ ሴቶች ቂመኞች ናቸው? ጥቁር አንበሳ የሕፃናት ካንሰር ክፍል ተኝተው የሚታከሙት ሕፃናትስ? የሦስት ዓመት ልጅ ማንን ይቅር ሳይል ቀርቶ ነው የደም ካንሰር የሚይዘው? ይቅር የምትዪው ሰው ካለ ለነፍስሽ ብለሽ ይቅር በዪ። ከሌለ ፍለጋ አትውጪ።

ሰዎች ለምን እንዲህ ይላሉ ብዬ ሳስብ አንደኛው ምክንያት ፍርሃት ይመስለኛል። አንቺ ታመሽ ሲያዩ «እኔስ?» ይላሉ። በሽታው በጭንቀት ወይም በቂም የሚመጣ ከሆነ እነሱ ባለመጨነቅ ያመልጡታል። አንቺን ሲመክሩ ራሳቸውን እያጽናኑ ነው። ሌላው ደግሞ አጠገብሽ ተቀምጠው እንባሽን ማየት ያቅታቸዋል። ኒውዮርክ ውስጥ የካንሰር ታማሚዎችን የአእምሮ ጤና በመከታተል ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ዶክተር ጂሚ ሆላንድ ይህን ግፊት «የበጎ አስተሳሰብ አምባገነንነት» ብለውታል። የእኛ ሀገር ብቻ ጠባይ አይደለም ማለት ነው።

በእኛ ዘንድ ግን አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ሰው ሲሞት ድንኳን ጥለን፣ ደረት መትተን፣ ሙሾ አውርደን እናለቅሳለን። ያላለቀሰ እንኳ ይታማል። በሕይወት ያለች ሴት ስለ ራሷ ስታለቅስ ግን «ተይ፣ አታሟርቺ» እንላታለን። ለሞተው የሰጠነውን ፈቃድ ለታመመው እንከለክላለን። የእምነት ጉድለት እንዳይመስልሽ ደግሞ መጽሐፉን ተመልከቺ። ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ረግሟል። ወዳጆቹ መጀመሪያ ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ጥፋታቸው የጀመረው «አንድ ነገር አድርገህ ነው» ማለት ሲጀምሩ ነው። በቁርዓንም ነቢዩ ያዕቆብ ስለ ልጃቸው ስለ ዩሱፍ ዓይናቸው እስኪነጣ አዝነዋል፣ ሐዘናቸውንም ለአላህ አሰምተዋል። ትዕግሥተኛ አልነበሩም ያላቸው የለም። በእምነትሽ ጠበል ብትሄጂ ወይም ዱዓ ብታስደርጊ መልካም ነው፤ ኬሞሽን ግን ለአንድም ቀን አታቋርጪበት። ያልፈላ ውሃ መጠጣትንና ጾምን በተመለከተ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ በኬሞ ጊዜ የሰውነት መከላከያ ስለሚደክም ሌላ ጊዜ የማይጎዳ ነገር ሊጎዳሽ ይችላል።

በጣም የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። «ጠንካራ ሁኚ» የተባለች ሴት ሐኪሟ ፊትም «ደህና ነኝ» ትላለች። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ከኬሞ በኋላ ባሉት ቀናት፣ በተለይ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ነጭ የደም ሕዋስ በጣም ሊቀንስ ይችላል። በዚያ ጊዜ ትኩሳት ከመጣ ለሕይወት የሚያሰጋ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ቴርሞሜትር ቤትሽ ይኑር። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየሽ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። «ጉንፋን ነው፣ ሰው አላስቸግርም» ብለሽ ፓራሲታሞል ውጠሽ አትተኚ። ጣቶችሽ ከደነዘዙ፣ ቁልፍ መቆለፍ ካቃተሽ፣ ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ማስመለሱ ውሃ እንኳ ካላስቀመጠሽ ተናገሪ። የመድኃኒቱ መጠን የሚስተካከለው፣ ማስመለሱን የሚያስታግሰው መድኃኒት የሚቀየረው አንቺ ስትናገሪ ነው። ሕመም ካለብሽም እንዲሁ። ሞርፊን ቢታዘዝልሽ «ያበቃላት ሰው መድኃኒት ነው» የሚልሽን አትስሚ። ሕመምን ማስታገሻ ነው፣ ሌላ መልእክት የለውም። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት ለዚህ ነው። ከአንቺ የሚፈለገው ጥንካሬ ካለ ይሄ ነው፤ የሚሰማሽን ሳታለዝቢ መናገር። ፈገግታው ቢመጣም ባይመጣም ችግር የለውም።

ዕድልሽን የሚወስነውም ሌላ ነው። የዕጢው ዓይነት፣ ለሆርሞን ምላሽ መስጠትና አለመስጠቱ፣ ምን ያህል መስፋፋቱ፣ ሕክምናው በሰዓቱ ተጀምሮ በሰዓቱ ማለቁ ነው። ደረጃ ሦስት ማለት ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል አልተሰራጨም ማለት ነው። የሚታከመውም ለማዳን ታስቦ ነው። ተስፋሽን እዚህ ላይ ጣይው፤ ይህ የሐኪሞችሽ ዕቅድ እንጂ የመንፈስሽ ሁኔታ አይደለም።

በነገራችን ላይ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በመላ ሀገሪቱ የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ሰው ከየክልሉ መጥቶ ወራት ወረፋ ይጠብቅ ነበር። አሁን ጅማን ጨምሮ ሌሎች ቦታዎችም ጀምረዋል፣ ችግሩ ግን አላለቀም። ወረፋ ሲጠብቅ በሽታው የገፋበትን ሰው «ተስፋ ቆርጦ ነው» ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ አንቺ ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ አትጠብቂ። የጨረር ወረፋ መቼና እንዴት እንደሚያዝ ከአሁኑ ሐኪምሽን ጠይቂና ለቤተሰብሽ ይህን ሥራ ስጫቸው።

ቤተሰብሽን እንዴት ታስረጃለሽ ላልሽው፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ንግግር አያስፈልግም።

ባለቤትሽ «አታሟርቺ» ብሎ ክፍሉን ጥሎ የሚወጣው ስለማይወድሽ አይደለም። እንዳያጣሽ ፈርቶ ነው። ችግሩ እሱ በወጣ ቁጥር አንቺ ብቻሽን ትቀሪያለሽ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ኬሞ ያልወሰድሽበትና ደህና የምትዪበትን ምሽት ምረጪ። እንዲህ ልትዪው ትችያለሽ፦ «እንድታጽናናኝ አይደለም። መልስም አልፈልግም። ዝም ብለህ እንድትሰማኝ ብቻ ነው የምፈልገው። እየፈራሁ ነው፣ ብቻዬን ስፈራ ደግሞ ይከብደኛል።» ምናልባት እሱም አብሮሽ ያለቅሳል። ያልቅስ። ስለ ቤቱ ሰነድ፣ ስለ ባንክ ደብተር፣ ስለ ልጆቹ ማውራትም ሟርት አይደለም። ጤነኛ ሰውም ማድረግ ያለበት ነገር ነው። ተነግሮ ሲያልቅ ጭንቅላት ያርፋል። ፊት ለፊት ካቃተው የሚያከብሩትን ሰው፣ ታላቅ ወንድሙን ወይም የንስሐ አባቱን፣ መሐል አስገቢ።

እህትሽ ሩቅ ናት፣ ማድረግ የምትችለው ነገር ጠፍቷት ነው ቪዲዮ የምትልከው። ከማኩረፍ ይልቅ ሥራ ስጫት። «ቪዲዮዎቹ እያስጨነቁኝ ነው፣ ይቅሩብኝ። በእነሱ ፋንታ ኬሞ በምወስድበት ቀን ደውይልኝና ስለ ልጆችሽ አውሪኝ» በያት። አቅሙ ካላት ሐኪምሽ ያዘዘልሽ መድኃኒት እዚህ ሲጠፋ ማፈላለግም ትችላለች። አንቺ ያልሆንሽውን ሰው ከመምሰል ተገላገልሽ፣ እሷም ጥቅም ያለው ነገር አደረገች።

ጠያቂዎችን በተመለከተ ደግሞ አንድ ሰው በር ላይ ይቁምልሽ። እህት፣ የአክስት ልጅ፣ የቅርብ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። «ዛሬ ተኝታለች» የሚል ሰው ያስፈልግሻል። በተለይ የነጭ ደም ሕዋስሽ በሚቀንስበት ሰሞን ጉንፋን የያዘው ሰው ጭራሽ መግባት የለበትም፣ ይሄን ምክንያት ማንም አይቀየምበትም። «ምን ላድርግልሽ?» ለሚልሽ ዝም አትበዪ። ኬሞ በምትወስጂበት ቀን ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ ላቦራቶሪ ወረፋ መያዝ፣ እንጀራ መጋገር፣ ደም መለገስ ትልቅ እርዳታ ነው። ለጎረቤትሽ ግን መልስ የመስጠት ዕዳ የለብሽም። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ደክሞኛል» ብለሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳ ብታዞሪ ማንም አይፈርድብሽም።

ሌላው የምመክርሽ በሽታውን የምታውቅ ሴት ፈልጊ። አዲስ አበባ ውስጥ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን የመሳሰሉ ማኅበራት አሉ። ከዚህ ሕክምና ያለፉ ሴቶችን እንዲያገናኙሽ ጠይቂያቸው። ኬሞ ክፍል አጠገብሽ ወንበር ላይ የተቀመጠችውንም ማናገር ትችያለሽ። ጸጉርሽ ሲረግፍ ምን እንደተሰማሽ ለእሷ ማስረዳት አያስፈልግሽም። ከእሷ ጋር ስትሆኚ ትስቂም ይሆናል። ደስ ያለሽ ቀን ደስ ይበልሽ፣ እሱም የራስሽ ነው። የምቃወመው የታዘዘ ደስታን ነው እንጂ ከልብሽ የመጣውን አይደለም።

የልጅሽ ነገር። ንገሪያት። የ12 ዓመት ልጅ ቤት ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ ታውቃለች። ስልክ ሲወራ ድምፅ እንደሚቀንስ፣ እሷ ስትገባ ወሬ እንደሚቆም አይታለች። ያልተነገራት ልጅ ክፍተቱን በራሷ ትሞላዋለች፣ የምትሞላውም ብዙ ጊዜ ከእውነቱ በባሰ ነገር ነው። አንዳንድ ልጅ «እኔ ስላስቸገርኳት ነው የታመመችው» ብሎ ያስባል። ወይም ከጎረቤት ልጅ አፍ ትሰማዋለች።

የበሽታውን ስም በስሙ ጥሪው፤ «ካንሰር ነው፣ ጡቴ ላይ ነው፣ ሐኪሞቹ እያከሙኝ ነው» በያት። ከማንም ጥፋት እንዳልመጣ፣ በመተቃቀፍና አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍ ንገሪያት። «ትሞቻለሽ?» ብትልሽ የማታውቂውን ቃል አትግቢላት። «ሐኪሞቹ ሊያድኑኝ እየሠሩ ነው፣ እኔም መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው። የሚለወጥ ነገር ካለ እነግርሻለሁ» ማለት በቂ ነው። ከዚያ ልጆች በእውነት የሚጨነቁበትን መልሺላት፤ ከትምህርት ቤት ማን እንደሚያመጣት፣ አንቺ ሆስፒታል ስታድሪ ማን ቤት እንደሚያድር፣ ልደቷ ይከበር እንደሆነ። ፊቷ እንባሽ ቢመጣም አትደንግጪ፤ «አዝኜ ነው፣ ያልፋል» በያት። ጸጉርሽ ገና ካልረገፈ ከመርገፉ በፊት ብትነግሪያት ጥሩ ነው፣ ሻሽ ወይም ዊግ አብራችሁ ልትመርጡ ትችላላችሁ። ለክፍል መምህሯም ጉዳዩን አስታውቂ፤ ውጤቷ ቢቀንስ ወይም ክፍል ውስጥ ብትነጫነጭ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ትምህርት ቤት ውስጥ ይኖራታል።